ብርድ በፍሪጅ፦ ጅማ ላይ ክሮከስ የማብቀል ማስታወሻ

ነሐሴ 26፣ 2016

እህቴ ከሆላንድ ትናንት ማታ ገባች። ሻንጣው እስኪከፈት ቤቱ ሁሉ ቸኩሏል። እናቴ የምትጠብቀው የግፊት መለኪያዋን ነው። እኔ የምጠብቀው አራት ትናንሽ የወረቀት ከረጢት።

ነገሩ የጀመረው የካቲት ላይ ነው። እህቴ ሰፈሯ ካለ መናፈሻ ፎቶ ላከችልኝ። ሣሩ በሙሉ ሐምራዊ ሆኗል። አበባው ግንድ የለው፣ ቅርንጫፍ የለው፤ ከመሬት ብቅ ብሎ አፉን ከፍቷል። ዙሪያው ደግሞ ውርጭ ነው። "በዚህ ብርድ?" ብዬ ጻፍኩላት። "ብርድ ካላገኘማ አያብብም" ብላ መለሰች።

ይቺ መልስ ናት ያሳበደችኝ። እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ብርድ ስሠራ ኖሬአለሁ። ለሥጋ፣ ለለስላሳ፣ ለመድኃኒት ሠርቻለሁ። ለአበባ ግን ሠርቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ስለዚያ አበባ፣ ስለ ክሮከስ፣ ሳነብ አመሻለሁ። ዝርያው ከመቶ በላይ ነው። ከፖርቱጋልና ከሞሮኮ ጀምሮ እስከ ምዕራብ ቻይና ድረስ በዱር ይበቅላል። ከሰሃራ በታች ግን አንድም የለም። አንዳንዱ በየገበያው በኪሎ የሚሸጥ ነው። አንዳንዱ ደግሞ አንድ ጥግ ላይ ብቻ የሚገኝ ብርቅ ነው። ብርቁን ከዱር ነቅሎ መሸጥ ስላለ፣ "አባዝተው ከሚሸጡ ሰዎች ካልሆነ እንዳታመጪ" ብዬ አስጠንቅቄያታለሁ። የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱን እሷ ይዛ መጣች። የማስገቢያ ፈቃዱን እኔ ተመላልሼ አወጣሁ። አራት ቀን ፈጀ። ስለሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የመጣልኝ ይህ ነው። 10 የሳፍሮን ክሮከስ፤ ሳፍሮን የሚባለው ቅመም የሚወጣበት። 6 ክሮከስ ካርትራይቲያነስ፤ የሳፍሮን የዱር አባት ነው፣ አገሩ ግሪክ። 5 ክሮከስ ጉሊሚ፤ ይሄኛው ነው ብርቁ፣ ግሪክ ውስጥ ደቡብ ፔሎፖኔዝ ላይ የወይራ ዛፍ ሥርና የድንጋይ አጥር ጥግ የሚበቅል። ሳይንስ በወጉ ስም የሰጠው በ1955 ነው (በፈረንጅ)። መጨረሻ 13 ክሮከስ ቶማሲኒያነስ፤ ያ የፎቶው ሐምራዊ፣ ከባልካን አገር።

የስሞቹ ነገር ደስ አለኝ። ጉሊሚ የሚለው ከአንድ የአቴንስ ጠበቃ ስም የመጣ ነው። ቶማሲኒያነስ የሚለው ከትሪየስቴ ከተማ ከንቲባ። ሁለቱም ከሥራ መልስ አበባ ፍለጋ የሚዞሩ ሰዎች ነበሩ። ለፍሪጅ ጠጋኝም ተስፋ አለው ማለት ነው።

ነሐሴ 28

ዛሬ አንዱን ቆርጬ አየሁት። ቶማሲኒያነሶቹ ውስጥ አንዷ መንገድ ላይ ተሰንጥቃ ስለነበር አላዘንኩም።

ቤት ውስጥ ሁሉም "ሽንኩርቱ" ይለዋል። ሽንኩርት አይደለም። ሽንኩርት ሲቆረጥ ልብስ በልብስ ነው። ይሄ ድፍን ነው፤ ልክ እንደ ጎደሬ። ኮርም ይባላል። ጎደሬም በሳይንሱ ያው ኮርም ነው፤ የእንሰት አሚቾም እንደዚሁ። ለእናቴ "ትንሽ ጎደሬ በይው" ስላት "ታዲያ ይበላል?" አለችኝ።

ከላይ ቃጫ የመሰለ ቡናማ ልብስ አለው። ልብሱን ስገፈው ነጭና እርጥብ ነው። አናቱ ላይ ሹል ነገር አለ። በምላጭ ቀስ ብዬ ስሰነጥቀው ከውስጡ ቅጠልም አበባም ተጣጥፎ ወጣ። የጥፍር ጫፍ አያክልም። ግን አበባ መሆኑ ይታወቃል። እንግዲህ አበባው ሳይተከል ነው ተሠርቶ ያለቀው። የእኔ ድርሻ እንዲወጣ ማድረግ ብቻ ነው።

ጅማ መርካቶ ወርቅ ቤት ያለው ደንበኛዬ ጋ ወስጄ በወርቅ ሚዛን አስመዘንኩ። ትልቁ ሳፍሮን 16 ግራም፣ ትንሹ 7። ከ8 ግራም በታች የሆነ ሳፍሮን ማበቡ አጠራጣሪ ነው። ጉሊሚዎቹ ብይ ብይ ያክላሉ። ባለ ወርቅ ቤቱ አንዱን አሽትቶ "ካራቱ ስንት ነው?" ብሎ ሳቀብኝ።

ጳጉሜን 3

ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ሙቀት ስጨነቅ ነበር። ተሳስቻለሁ። ጠላቴ ሙቀት ሳይሆን ዝናብ ነው።

የግሪኩ ክሮከስ ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ይተኛል። እዚያ በእነዚያ ወራት ጠብታ የለም፤ መሬቱ እንደ ገል ይደርቃል። ጥቅምት ላይ ዝናብ ሲመጣ ይነቃል። ብርዱንና ዝናቡን አብሮ ይጠጣል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ቅጠሉን ጥሎ ይተኛል። አሁን ይህንን ጅማ ላይ አምጡት። እኛ ጋ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘንባል፤ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር። ሲተኛ ውሃ ይሞላበታል፤ ሲነቃ ውሃው ያልቃል። የተገላቢጦሽ ነው። እርጥብ መሬት ውስጥ የተኛ ኮርም ደግሞ በሻጋታ ይበሰብሳል።

ስለዚህ ሕጉ ይህ ሆነ። ሰማይ ሲያጠጣ እኔ እከለክላለሁ፤ ሰማይ ሲከለክል እኔ አጠጣለሁ። ሥራው ሁሉ ቆርቆሮ ጣሪያና ጆግ ነው።

ደግነቱ ከፍታችን ወደ 1,780 ሜትር ነው። የበጋ ሌሊታችን ቀዝቃዛ ነው። ሳፍሮን አበባውን ኮርሙ ውስጥ የሚሠራው በ23 እና በ27 ዲግሪ መካከል ሲሞቀው ነው። እንዲወጣ ደግሞ ወደ 17 ዲግሪ መውረድ አለበት። ይህ ለጅማ ጥቅምት የተሰፋ ልብስ ነው። ካርትራይቲያነስና ጉሊሚም የመኸር አበቦች ናቸው። ቶማሲኒያነስ ብቻ ነው እውነተኛ የፈረንጅ ክረምት የሚፈልገው፤ ከ9 ዲግሪ በታች ለ14 ሳምንት ገደማ። ያ የፍሪጅ ሥራ ነው።

መስከረም 3፣ 2017

ፍሪጁ ይህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሰውዬ ጋዝ ሊያስሞሉ አመጡት። ሞላሁ። ስልካቸው አይነሳም። ፍሪጁ ቤቴ በረንዳ ላይ ቆሞ ቀረ። ቢመጡ እመልሳለሁ፤ እስከዚያ ሥራ ቢይዝ ምን ይለዋል? ቴርሞስታቱን አስተካክዬ፣ የበሩን ላስቲክ ቀይሬ፣ 5 ዲግሪ ላይ አስቀመጥኩት። ኪራይ እንደከፈልኩ ይቆጠርልኝ።

አፈሩ ሌላ ጣጣ ነው። የጅማ ቀይ አፈር ለቡና እንጂ ለዚህ አይሆንም። እርጥብ ሲሆን እጅ ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ ደግሞ ኮምጣጣ ነው። አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ ደቃቅ ጠጠር አደረግኩ። የጉሊሚ አገሩ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ለእሱ አንድ ጭብጥ ኖራ ጨመርኩ። መጀመሪያ የቡና ገለባም ከትቼ ነበር። እዚህ ገለባ በነፃ ነው፤ እጅ ያሳክካል። በአምስተኛው ቀን ነጭ ሻጋታ ስላወጣ ሁሉንም ገለበጥኩት።

ዕቃው ከሥራዬ ወጣ። የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ለሳፍሮኑ። ለጉሊሚና ለካርትራይቲያነስ የፍሪጅ የአትክልት መሳቢያ። መሳቢያው ምርጥ ነው፤ ጎኑ ያሳያል፣ ሥሩ ሲወርድ ይታያል። ታቹን በድሪል 12 ቦታ በሳሁት። የመጀመሪያው መሳቢያ ከአሮጌ ቅራቅንቦ የወጣ ነው። ሁለተኛው ከዚሁ ከሰውዬው ፍሪጅ ነው። (ይህን ዓረፍተ ነገር ሳልጽፈው ብቀር ይሻል ነበር።)

የቶማሲኒያነሶቹን ግማሽ በባልዲ ተክዬ ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁ። ደረቁን ኮርም ብቻ ማቀዝቀዝ አይበቃም፤ ሥር አውጥቶ እርጥበት ውስጥ መብረድ አለበት። ሌላውን ግማሽ፣ ስድስቱን፣ ለሙከራ ብዬ ጓሮ መሬት ላይ ተከልኩ። ሁለት ሳፍሮንም አብሬ። ከእንሰቱ አጠገብ።

መስከረም 18

ከመስቀል ማግስት ጓሮ ወጣሁ። ከእንሰቱ አጠገብ አዲስ የቀይ አፈር ቁልል አለ። ክብ፣ እርጥብ፣ በወንፊት የተነፋ የመሰለ። ልቤ ወዲያው ነው ያወቀችው።

ፍልፈል ነው።

በእጄ ቆፈርኩ። ስምንቱም የሉም። አንዱን እንኳ አላስተረፈም። የቀረው ያ ቃጫ ልብሱ ነው፤ ገፎ በጥንቃቄ አንድ ቦታ ቆልሎታል። ዋሻውን ከጀርባው በአፈር ደፍኖ ሄዷል። እንሰቱን ሲበላ የኖረ ፍልፈል፣ ከሆላንድ የመጣ ኮርም ሲያገኝ ምን እንደተሰማው እንጃ።

እናቴ በረንዳ ላይ ሆና "ይበላል ወይ ብዬህ ነበር" አለችኝ።

ከዛሬ ጀምሮ መሬት ላይ ምንም አይተከልም። ጀሪካኖቹንና መሳቢያዎቹን ብሎኬት ላይ አወጣሁ። ከላይ የፍሪጅ የሽቦ መደርደሪያ ደፋሁባቸው። ለጃርትም ለዶሮም ያገለግላል።

ጥቅምት 9

ፍሪጁን ስከፍት የሸተተኝ አቮካዶ ነው። ከባልዲው ጎን ሰባት አቮካዶና አንድ ዘለላ ሙዝ። እናቴ "ባዶ ፍሪጅ መብራት ሲበላ አይቼ ነው" አለች።

አልጮህኩም። ግን ማስረዳት ነበረብኝ። ፍሬ ሲበስል ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ይተነፍሳል። እሷ ራሷ ጥሬ ሙዝ መሐል አንድ የበሰለ ሙዝ ጣል አድርጋ ታበስላለች፤ የሚያበስለው ያ ጋዝ ነው። ሙዙን የሚያበስል ጋዝ ኮርሙ ውስጥ ያለውን አበባ እዚያው ሊያደርቀው ይችላል። "እንዲህ ብለህ ብትነግረኝ ኖሮ" አለች። እውነቷን ነው፤ አልነገርኳትም። በሩ ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፦ "ፍሬ አይገባም"። ስንት ቀን እንደቆየ ስጠይቃት "ከሰኞ ወዲህ" አለች። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ጥቅምት 28

ወጣ!

ሌሊቱ 11 ተኩል ዲግሪ ደርሶ ነበር። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጥርሴን እየፋቅሁ ጀሪካኑ ጋ ጎንበስ አልኩ። ከአፈሩ ነጭ፣ እንደ ጥርስ የሾለ ነገር ወጥቷል። ትናንት ማታ አልነበረም። 4 ሰዓት ላይ ከሱቅ ተመልሼ ሳየው ሽፋኑ ተሰንጥቆ፣ ከውስጡ ሐምራዊ ጥቅልል ብቅ ብሏል። ምሳ ሰዓት ላይ ተከፍቶ ጠበቀኝ።

ስድስት የአበባ ቅጠል አለው፤ ቀጭን ጠቆር ያለ ደም ሥር የሚመስል መስመር ያለበት። ሦስት ቢጫ ወንዴ ዘንግ። ከመሐል ሦስት ቀይ ክር። ክሩ ይረዝማል፤ በቅጠሎቹ መካከል ወደ ውጭ ተዘርግፎ፣ እንደ ሰከረ ሰው ምላስ ተንጠልጥሏል። ጫፉ ሰፋ ብሎ ጠርዙ እንደ ጥርስ ተበጣጥሷል። ያ ቀይ ክር ነው ሳፍሮን ማለት። ሌላው አበባ ለጌጥ ነው።

ግንዱ ግን ግንድ አይደለም። የአበባው ቱቦ ነው። ዘር የሚቋጥርበት ክፍል ታች አፈር ውስጥ፣ ኮርሙ ላይ ተቀምጧል። አበባው ከምድር በታች ተቀምጦ አንገቱን ብቻ አስግጎ የሚያይ ነው።

ንብ መጣች። ጓሮው ሁሉ የሜጫ አበባ እያለላት እዚህ ምን እንደሳባት አላውቅም፤ ግን ኩራት ተሰማኝ።

ኅዳር 6

ከስምንቱ ሳፍሮን ሰባቱ አበበ። ያልወጣችው ያቺ 7 ግራሟ ናት። ሁለቱ ትልልቆች ሁለት ሁለት አበባ አወጡ። በጠቅላላ 9 አበባ፣ 27 ክር። አንድ ግራም ደረቅ ሳፍሮን ለማግኘት ወደ 150 አበባ ይፈለጋል። እንግዲህ ሀብታም ለመሆን ጥቂት ይቀረኛል።

ክሮቹን በወረንጦ ለቅሜ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጌ፣ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ፍሪጅ ጀርባ ለብ ያለው ቦታ ላይ አደረቅኩ። ሲደርቅ ጠቆረ፣ ተሸበሸበ። ሽታው መጀመሪያ ድርቆሽ ነው። ቆይቶ ማር ማር ይላል።

ጎረቤታችን ሐጂ ቡና ሊጠጡ ሲመጡ አሳየኋቸው። "ዘዕፈራን ነው!" አሉ። በልጅነታቸው ሼሁ በዚህ ቀለም እንጨት ላይ ሲጽፉ አይተዋል። እውነተኛ መሆኑን ላረጋግጥ ብለው በፊንጃል ለብ ያለ ውሃ አስመጡ። አንድ ክር ጣሉ። "ቶሎ ቀይ ካፈሰሰ ቀለም የተነከረ ነው፤ እውነተኛው ቀስ ብሎ ቢጫ ይሰጣል፣ ክሩም ቀይ ሆኖ ይቆያል" አሉ። ሁላችንም ፊንጃሉን ከበብን። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከክሩ ጫፍ ቀጭን የወርቅ ጭስ ተሳበ። ሦስተኛው ቡና ሲደርስ ውሃው ቢጫ ነበር። ክሩ አሁንም ቀይ። ሐጂ "ማሻአላህ፣ ልጄ፣ ይኸ በአገራችን በቀለ?" አሉ። ዘጠኝ ክር በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋቸው።

ኅዳር 13

ጉሊሚዎቹ ትናንት ተከፈቱ። አራቱ። አምስተኛዋ ቅጠል ብቻ ናት። ከሳፍሮን የበለጠ ቀጭን ናቸው፤ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ፣ በረጅም ነጭ ቱቦ ላይ የቆመ። የሚያምረው ግን መዝጋታቸው ነው። ደመና ሲመጣ ይዘጋሉ፤ ፀሐይ ሲወጣ በሃያ ደቂቃ ይከፈታሉ። ሳፍሮንና ካርትራይቲያነስ ይህን አያደርጉም፤ አንዴ ከተከፈቱ ሌሊትም ክፍት ናቸው። እህቴ "በሩን ዘግቶ የሚተኛ አስተዋይ" ብላዋለች።

ካርትራይቲያነስ ግን የእኔ ምርጥ ነው። ሳፍሮን መካን ነው፤ ክሮሞዞሙ (ውርስ ተሸካሚው) ጥንድ ጥንድ ሳይሆን ሦስት ሦስት ስለሆነ፣ በጠቅላላ 24፣ ዘር አይቋጥርም። ሰው ኮርሙን እየከፋፈለ ነው በሺህ ዓመታት ይዞት የመጣው። አባትየው ግን ይወልዳል። አንድ ችግር ብቻ፤ የራሱን የወንዴ ዱቄት አይቀበልም፣ ከሌላ ተክል መምጣት አለበት። አምስት አብበውልኛል። በጆሮ ጥጥ ከአንዱ ቢጫውን ዱቄት እየጠረግኩ ሌላው ቀይ ክር ላይ አሻሸሁ። ደንበኛ መጥቶ ተንበርክኬ አገኘኝ። "ምን ጠፍቶህ ነው?" አለኝ። "አማች እየሆንኩ ነው" አልኩት።

ታኅሣሥ 15

መብራት ከሄደ አራተኛ ቀን። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሏል አሉ። ፍሪጁ በመጀመሪያው ማታ 8 ዲግሪ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን 14 ደረሰ። ጄኔሬተር ካለው ሥጋ ቤት ደንበኛዬ ጋ የሃይላንድ ጠርሙስ በረዶ እያስጋገርኩ በብስክሌት አመላለስኩ። ጠዋት ስድስት ጠርሙስ፣ ማታ ስድስት። የሰው ፍሪጅ ሲሞቅ ለእኔ ሥራ ነው። የራሴ ሲሞቅ እንቅልፍ አጣሁ።

ጥር 9

ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ፣ 16 ሳምንት ገደማ ሲሞላው፣ ባልዲውን አወጣሁ፤ በረንዳው ጥላ ውስጥ። ስድስቱም በቀሉ። ያበበው ሁለት ነው። ትናንት 5 ሰዓት ላይ ተከፈቱ፤ ያው የፎቶው ሐምራዊ። 9 ሰዓት ላይ 27 ዲግሪ ሆነ። ዛሬ ጠዋት እንደ እርጥብ ወረቀት ተኝተዋል። አንድ ቀን።

የአራቱን ሽፋን ቀድጄ አየሁ። አበባው ውስጥ አለ፤ ቡናማ ሆኖ ደርቋል። አቮካዶው ይሁን ትራንስፎርመሩ መለየት አልችልም። እናቴ "ትራንስፎርመሩ ነው" ብላ ወስናለች።

የካቲት 8

ብዙ ነገር የለም። በአምስት ቀን አንዴ ማጠጣት። ቅጠሎቹ እንደ ሣር ረዝመዋል፤ መሐላቸው ነጭ መስመር አለ። የቤት ጽዳት የምታግዘን ልጅ አረም መስሏት ልትነቅል ስትል ደረስኩ።

ከመንዝ የመጣ የሥራ ጓደኛዬ ፎቶውን አይቶ "እኛ አገር ሣር ላይ ይህን የመሰለ ይወጣል፤ ምን አደከመህ?" አለ። እውነትም የሚመስል አለ። የኢትዮጵያ ደጋ ላይ ኮልቺከም የሚባል ወገን አለ፤ ከመሬት የሚፈነጥቅ፣ አንድ መልክ ያለው። ግን ዘመድ አይደለም። መለያው ቀላል ነው። ክሮከስ ሦስት ወንዴ ዘንግ አለው፤ ኮልቺከም ስድስት። ልዩነቱ ቀልድ አይደለም፤ የኮልቺከም ወገን ውስጥ ኮልቺሲን የሚባል ሰው የሚገድል መርዝ አለ። "ቁጠርና ንገረኝ፤ ግን ምላስህ ጋ እንዳታደርስ" አልኩት።

መጋቢት 11

የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። ያውም በረዶ ቀላቅሎ። ሐጂ ቤት ለፍጡር ተጠርቼ ነበር፤ ቴምሩን አፌ ላይ አድርጌ ሮጥኩ። ሳሃኑን ይዤ እንደሄድኩ ቆይቼ ነው ያስተዋልኩት። ሁሉንም ቆርቆሮው ሥር አስገባሁ። ከዛሬ ጀምሮ ውሃ ቀንሶ ቀንሶ ማቆም ነው። የቅጠሎቹ ጫፍ ቢጫ ማለት ጀምሯል። ቢጫውን መቁረጥ የለም፤ ቅጠሉ እስኪደርቅ ድረስ ምግቡን ወደ ታች እያወረደ ነው።

ሚያዝያ 17

ካርትራይቲያነስ ሥር፣ ከደረቀው ቅጠል መሐል፣ አፈሩ ተሰነጠቀ። ፈዘዝ ያለ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያክል ቋት ወጣ። ከኅዳር ጀምሮ አምስት ወር መሬት ውስጥ ተሸሽጎ ነበር፤ አሁን በአጭር አንገት ተነሥቶ ዘሩን ሊበትን ነው። ሁለት ሆኑ። ከሳምንት በኋላ ሦስተኛ። በጉንዳን እንዳይወሰድብኝ የቡና ወንፊት ደፋሁበት።

31 ዘር። ክብ፣ ቡናማ ቀይ። ቆጠርኩ፣ እንደገና ቆጠርኩ።

ግንቦት 14

ዛሬ አወጣኋቸው። የዘንድሮው ኮርም አሮጌው አናት ላይ ተቀምጧል፤ አሮጌው ተጨማልቆ ባዶ ቃጫ ሆኗል። በየዓመቱ ራሱን እንደ አዲስ ይሠራል።

እንደገና ወርቅ ቤት። 8 ሳፍሮን ነበረኝ፤ 19 ሆኗል። ግን ከ8 ግራም በላይ የሆነው 5 ብቻ ነው። ቁጥሩ በዛ፣ ሰውነቱ ቀጠነ። የሚቀጥለው ዓመት አበባ ከዘንድሮው ያንሳል ማለት ነው። የካቲት ላይ ፀሐዩ ከበረታ በኋላ ውሃ ያሳነስኩ ይመስለኛል፤ አመድም አልሰጠኋቸውም። ጉሊሚ 5 ነበር፣ 11 ሆነ፣ ከአንዲት በቀር ሁሉም ጤነኛ። ያቺ አንዲት ጎኗ ለሰለሰ፤ ስቆርጣት ውስጧ ቡናማ ክብ አለ፣ ሽታዋ የኮመጠጠ። እሳት ውስጥ ጣልኳት። ቶማሲኒያነሶቹ አተር አተር አክለዋል። ካበቡ በኋላም ለወራት ቀዝቃዛ ቀን ይፈልጉ ነበር፤ እሱን የሚሰጥ ፍሪጅ የለኝም። እነሱን ትቻለሁ። ለእህቴ ስነግራት "በቃ እዚህ መጥተህ እያቸው" አለች።

ሌሎቹን በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ካርቶን ውስጥ፣ ሱቁ ቁም ሳጥን አናት ላይ አስቀመጥኩ። እዚያ ቀን ቀን 25 ዲግሪ ይሞላል። ደረቅና ሞቃት። ውጭው ሲዘንብ እነሱ በግሪክ በጋ ውስጥ ናቸው።

31ዱን ዘር ባለ ቀዳዳው መሳቢያ ውስጥ ዘራሁ። እስከ ጥቅምት አይበቅልም። ከበቀለ ደግሞ እስኪያብብ ሦስት አራት ዓመት ነው። ቀኑን በፓርከር ጎኑ ላይ ጻፍኩ።

ሰኔ 5

ጠዋት በር ተንኳኳ። ሰውዬው ናቸው። ባለ ፍሪጁ። ሚዛን ተፈሪ ተዛውረው ሦስት ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ ስልካቸውም ተቀይሯል። "መቼም ሸጠኸዋል ብዬ ነበር" አሉ።

"ኧረ አልሸጥኩም፤ እንዲያውም ላስቲኩን ቀይሬልዎታለሁ" አልኩ። ትናንትና ነው አጥቤ የጨረስኩት። በሩን ከፍተው አዩ። 5 ዲግሪ። ደስ አላቸው። ታች ጎንበስ አሉ።

"መሳቢያው የታለ?"

ቆርቆሮው ሥር ወሰድኳቸው። ሽቦውን አነሣሁ። ባዶ አፈር ነው የሚታየው። ባዶ አፈርና የፓርከር ጽሑፍ። ስለ ግሪክ፣ ስለ 31 ዘር፣ ስለ አራት ዓመት ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ በጣታቸው ጎኑን መታ መታ አደረጉ።

"ልጄ፣ እኔ ጎመን የት ላስቀምጥ?"

ከሰዓት በኋላ መርካቶን ስዞር ዋልኩ። በልኩ የሚሆን መሳቢያ በአምስተኛው ቅራቅንቦ ቤት አገኘሁ። ሦስት መቶ ብር ተባልኩ። ሁለት መቶ ሃምሳ ከፍዬ በብስክሌቱ ጀርባ አሰርኩት።